በሁለት ከረሜላ የተሸጠው ድመት

ወለተ ሩፋኤል ትባላለች። ዕድሜዋ ዐሥር ነበር። ቤታቸው ባሕር ዳር፣ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ፣ ጣና ዳር ነው። ዘመኑ ጣልያን አገራችንን የያዘበት ዘመን ነበር። ልጆች፣ ይህን ታሪክ ሳወራ ደሜ ይፈላል። ድምፄ ከፍ ቢል በእናንተ ተቆጥቼ አይደለም።

ጎረቤቷ ራሂማ የምትባል የሙስሊም ልጅ ነበረች። አባቷ አያ መስዑድ ዓሣ አጥማጅ ናቸው። ነብሮ የሚባል ዥንጉርጉር ድመት ነበራቸው። ነብሮ ሥራ ፈት እንዳይመስላችሁ! መረቡን ከአይጥ የሚጠብቅ እሱ ነው። መረብ ከተበላ ዓሣ የለም፤ ዓሣ ከሌለ ለራሂማ ራት የለም።

በጦር ሰፈሩ አንድ የጣልያን ሻምበል ነበር። ሚስቱ ጠጉሯ የረዘመ ነጭ ድመት ነበረቻት። አንድ ቀን የሻምበሉ አስተርጓሚ የሰፈሩን ልጆች ሰበሰበ።

“የእመቤቲቱ ድመት አንጎራ ትባላለች። ዘሯ ከሮማ ነገሥታት ቤት ነው” አለ። “የእናንተ ድመቶች ግን ዘር የላቸውም። ተጠግተው ዘሯን እንዳያበላሹ ይዛችሁ አምጡ። ለአንድ ድመት ሁለት ከረሜላ!”

ትዕቢቱን አያችሁ? ሰውን በዘር መለየት አልበቃ ብሏቸው ወደ ድመት ወረዱ!

ወለተ ሩፋኤል ከረሜላ ቀምሳ አታውቅም። ምራቋን ዋጠች። “ዘር ከሌለው ምን ይጎዳል?” አለች በልቧ። ነብሮ ስለሚያውቃት ስትጠራው መጣ። ያመናትን! በጆንያ ከትታ ወስዳ ሰጠች። ወታደሮቹም ጆንያው ላይ ድንጋይ አስረው ጣና ውስጥ ጣሉት።

ወዲያው ራሂማ እየሮጠች መጣች።

“ነብሮን አይተሽዋል?”

“እኔ አላየሁም” አለች። ከረሜላው ገና ጉንጯ ውስጥ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ አይጦች መረቡን ቦጫጨቁት። አያ መስዑድ ባዶ ታንኳ እየቀዘፉ ይመለሱ ጀመር። ራሂማ ከሳች። ወለተ ሩፋኤል እያየች ዝም አለች። እንዴት አስቻላት? እኔ እንጃ!

ከሁለት ወር በኋላ ነጭዋ ድመት ሦስት ልጆች ወለደች። ሦስቱም ቁርጥ ነብሮን! ሻምበሉ በንዴት ጦፈ። ግልገሎቹ እህል መቅመስ ሲጀምሩ አስተርጓሚው ወለተ ሩፋኤልን አስጠራት።

“እነዚህ ዘራቸው የተበላሸ ነው። ከውኃው ጣያቸው። ስትመለሺ አንድ ቆርቆሮ ሙሉ ከረሜላ አለልሽ።”

ግልገሎቹን በጆንያ ይዛ ወደ ጣና ወረደች። ከውኃው ዳር የራሂማ አያት ሐጂ ሙሀመድሰዒድ ተቀምጠዋል። በወጣትነታቸው እስከ ጅዳና ግብጽ የነገዱ ሰው ናቸው።

“ምን ይዘሻል?”

“ዘር የሌላቸው ድመቶች፤ የሮማ ድመት የወለደቻቸው።”

ሐጂው ጆንያውን ከፍተው አዩ። ፊታቸው ተለዋወጠ።

“የሮማ? አንጎራ የቱርክ ከተማ ስም ነው! እንዲህ ያሉትን ነጫጭ ድመቶች ጅዳ ከቱርኮች ጋር አይቻቸዋለሁ። የድመት ሁሉ አያት ደግሞ የዱር ድመት ናት። አይጥ ፍለጋ ወደ ሰው ጎተራ መጣች፤ በዚያው ቀረች። ግብጽ፣ የጥንት መቃብር ግንብ ላይ ተስላ አይቻታለሁ፤ እንዲሁ እንደ ነብሮ ዥንጉርጉር ናት! የኛ ዓባይ ከሚወርድበት አገር በመርከብ ተጭና ነው ሮማ የገባች። ማን ነው ዘር የላቸውም ያለሽ?”

ልጆች፣ ሐጂው እውነታቸውን ነው።

ወለተ ሩፋኤል አለቀሰች። “ነብሮን ሸጥሁት። ለሁለት ከረሜላ ሸጥሁት። ለራሂማም ዋሸሁ።”

“ለእኔ ምን ትነግሪኛለሽ? ተነሽ፤ ለባለቤቱ ንገሪ!”

ወደ ከረሜላው አልተመለሰችም። ግልገሎቹን ታቅፋ አያ መስዑድ ፊት ቆመች፤ ሁሉንም ተናገረች።

“ልጄ ጦሟን ስታድር እያየሽ ዝም አልሽ?” ብለው ጮኹ። ደግሞም ቢቆጡ እውነት አላቸው። “ከነገ ጀምረሽ መጥተሽ መረብ ትጠግኛለሽ!”

ራሂማ ግልገሎቹን ተቀበለችና ጀርባዋን ሰጠቻት።

ወለተ ሩፋኤል በየቀኑ መጣች። ክሩ ጣቷን ቆረጠው፤ አላቋረጠችም። ራሂማ ግን አንድ ቃል አልተነፈሰችም። መረቡ ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ጠዋት፣ ራሂማ ሰሌኑ ላይ ፈቀቅ አለችላት።

“እዚህ ተቀመጭ” አለች።

ልጆቼ፣ እግዚአብሔር የፈጠረውን “ዘር የለውም” ብሎ መናቅ ኃጢአት ነው፤ የበደለም በአፉ ተናዝዞ በእጁ ይካስ።