የትርንጎ ዳቦ ትኩስ ይደርሳል!

የትርንጎ አያት፣ አባባ መኳንንት፣ ጎንደር ይኖራሉ። ትኩስ ዳቦ ነፍሳቸው ነው!

ትርንጎ ግን የምትኖረው ላሊበላ ነው። በአውቶቡስ መንገዱ ሩቅ ነው፤ ተራራ መውጣት፣ ተራራ መውረድ!

አምና ትርንጎና እናቷ ድፎ ዳቦ ይዘው በአውቶቡስ ሄዱ። መንገድ ላይ ጎማው ቡም! ብሎ ፈነዳ። በማግስቱ ደረሱ።

አባባ ዳቦውን በጣታቸው አንኳኩት። «ኳ! ኳ! ኳ!»

«የኔ ልጅ፣ ይሄ ዳቦ ነው ወይስ ድንጋይ? እኔ እኮ የቀሩኝ ሦስት ጥርሶች ናቸው!» ብለው ሳቁ።

ትርንጎ ግን አልሳቀችም። ሆዷ ባባ።

ዘንድሮ እናቷ «በአውሮፕላን ነው የምንሄደው። በሰማይ ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው» አለቻት።

ትርንጎ ዘለለች። «ግማሽ ሰዓት? እንግዲያው ትኩስ ይደርሳል!»

ጎህ ሲቀድ ዳቦው ከድስቱ ወጣ። በጨርቅ ተጠቀለለ። ትርንጎ እቅፍ አደረገችው። «ትኩስ ይደርሳል!»

አውሮፕላን ማረፊያው ሲደርሱ፣ ወይ ጉድ! ጭጋግ ሰማዩን ሸፍኖታል።

«ጭጋጉ እስኪገፈፍ ጠብቁ» ተባሉ።

ትርንጎ ዳቦውን ነካችው። ይሞቃል። ቆይታ ነካችው። ላዩ ለብ ብሏል።

«እማዬ፣ እየቀዘቀዘ ነው!» እንባዋ መጣ።

አጠገባቸው የተቀመጡ ሽማግሌ አሸተቱ። «እሰይ! ምን ያለ መዓዛ ነው! እስቲ ቁረሽልን፣ ልጄ።»

«አይሆንም! አባባ መኳንንት ሳይባርኩት አይቆረስም!»

«እውነትሽን ነው። ዳቦ የሚቆርሰው ትልቅ ሰው ነው» አሉ ሽማግሌው። ጋቢያቸውንም አውልቀው «በይ፣ በዚህ ሸፍኚው» አሏት።

አንዲት ሴት ሻርፗን ጨመረች። አንድ ወጣት ጃኬቱን ደረበበት። ዳቦው ከትርንጎ ወፈረ!

ጭጋጉ ተገፈፈ። ብርርርር! አውሮፕላኑ ተነሳ።

ትርንጎ በመስኮት ወደ ታች አየች። መንገዱ እንደ ክር ቀጥኗል። «አንተ መንገድ፣ ዘንድሮ አታገኘንም!» አለችው።

አውሮፕላኑ ላይ የተሰጣትን ጭማቂ ሳትጨርስ አውሮፕላኑ መሬት ነካ። ዱብ! ጎንደር!

አባባ መኳንንት አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ቆመዋል። ትርንጎ እየሮጠች ሄደች። ጃኬቱን ፈታች። ጃኬቱን ፈታች። ጋቢውን ፈታች።

አባባ ዳቦውን አንኳኩት። ኳ አላለም! ባረኩት፤ በእጃቸው ቆረሱት። ከውስጡ እንፋሎቱ ቡልቅ አለ!

«ትኩስ ነው! ከላሊበላ ትኩስ መጣ!» ብለው ጮኹ አባባ።

«እሰይ! እሰይ!» አሉ ሁሉም። ሽማግሌው ቀመሱ፤ ሴትየዋ ቀመሰች፤ ወጣቱም ቀመሰ። ትርንጎ ደስታዋ ከአውሮፕላኑ በላይ በረረ።

ማታ አባባ ትርንጎን አልጋ ላይ አስተኟት። በጋቢያቸው እስከ አገጯ ጠቀለሏት።

«አሁን ደግሞ ትኩስ ዳቦዬ አንቺ ነሽ» አሏት።

ትርንጎ ዓይኖቿን ጨፍና ፈገግ አለች። «እሺ፣ አባባ። እኔን ግን እንዳይቆርሱኝ!»