የኢልሊ ፊትና ሁለቱ ካርዶች

ጥር 13 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ቦዔዝ ዳበሳ በአሶሳ ገበያ አጠገብ ወዳለችው የእዩኤል ቪዲዮ ቤት ገባ። የእህቱ የኢልሊ ሠርግ ቶንጎ ላይ ከተደረገ ገና ሁለት ቀኑ ነው፤ ሠርጉን የቀረጸውም እዩኤል ነበር። አባታቸው አቶ ዳበሳ ግን ኩላሊታቸው ከደከመ ወዲህ ባምባሲ ከሚገኘው ቤታቸው አይወጡም፤ ያንን ሁሉ የመንገድ ጉድጓድና አቧራ ችለው ቶንጎ የሚደርሱበት አቅም አልነበራቸውም። የቤተ ክርስቲያናቸውን መዘምራን ሃያ ዓመት የመሩ ሰው ናቸው። ለልጃቸው ሠርግ አንድ መዝሙር ደረሱ፤ መዘምራኑን አልጋቸው አጠገብ ሰብስበው አስጠኑና እነሱን ልከው እሳቸው ቀሩ።

ቦዔዝ የመጣው ፊልሙ መቼ እንደሚደርስ ሊጠይቅ ነው። እዩኤል ሁለት ሳምንት እንዲታገሡት ለመነው። ኮምፒውተሩ አርጅቷል፤ የአንድ ሰዓት ፊልም ለማውጣት ሰባት ሰዓት ይፈጅበታል። አዲስ ግራፊክስ ካርድ፣ ማለትም ኮምፒውተር ውስጥ ሆኖ የምስሉን ሥራ የሚሸከመውን ዕቃ፣ ከአዲስ አበባ ሊያስመጣ አስቧል።

«ያልተቀናበረውን በፍላሽ ገልብጥልንና እናሳየው» አለ ቦዔዝ። «አባባ ጥራት አያውቅም።»

እዩኤል ይህን እሺ አላለም። በከተማው ቪዲዮ ቤቶች ዘንድ ያልተቀናበረ ቅጂ ለባለሠርግ አይሰጥም፤ ሌላ ቤት ወስዶ የራሱን ስም ይለጥፍበታል ተብሎ ይፈራል፣ ደግሞም እንደ ነውር ይታያል። በዚያ ላይ እዩኤል አቶ ዳበሳን ይወዳቸው ነበር። ሥራ ሲጀምር ማንም ሳያምነው የመዘምራኑን በዓል እንዲቀርጽ የሰጡት እሳቸው ናቸው። ለእኒህ ሰው የተበላሸ ነገር አልሰጥም ብሎ በቅን ልብ ወሰነ። የጥፋቱ መነሻ ይህ ቅንነት መሆኑ ያሳዝናል።

ለምርጫ የቀረቡት ካርዶች ሁለት ነበሩ። አንደኛው አሥራ ሁለት ጊጋባይት ሜሞሪ ስላለው ትልልቅ ፋይል ሲከፈትበት አይጨናነቅም፤ ነገር ግን መቶ ሰባ ዋት ይበላል፣ የእዩኤል ኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ፣ ማለትም መብራቱን ተቀብሎ የሚያከፋፍለው ሣጥን፣ ይህን ስለመቻሉ ያጠራጥራል። ሁለተኛው አዲስ ትውልድ ነው፤ መቶ አሥራ አምስት ዋት ይበቃዋል፣ ይፈጥናልም፣ ሜሞሪው ግን ስምንት ብቻ ነው። እዩኤል አንድ ደብተር ለሁለት ከፍሎ ያገኘውን ሁሉ ይጽፍ ጀመር። ኢንተርኔት ላይ ያሉት ንጽጽሮች አብዛኞቹ ለጌም ተጫዋቾች የተሠሩ ናቸው። በሕይወቱ አንድ ጌም ተጫውቶ የማያውቀው እዩኤል በአሥራ አራት ጌሞች የተለካውን ፍጥነት አንድ በአንድ ገለበጠ። ሰኞ ባለ አሥራ ሁለቱን ይመርጣል፤ ረቡዕ ስለሚበላው ኃይል ያስብና ወደ ባለ ስምንቱ ይዞራል፤ ዓርብ አዲስ አበባ ያለ ወዳጁ ይደውልለትና እንደገና ይጀምራል።

ጎረቤቱ አብዱልረሂም ስልክ ጠጋኝ ነው። ሥራ ሲቀዘቅዝ እየመጣ ደብተሩን ያገላብጣል።

«ለሚስት ፍለጋ እንዲህ ብታጣራ ዛሬ ሦስት ልጅ ነበረህ» ይለዋል። አንድ ቀን ግን ቀልዱን ተወው። «ስማኝ እዩኤል፤ ይሄ ማሽን ቀርፋፋ ነው እንጂ አልሞተም። መብራት ቢሄድ የእኔ ባትሪ አለ። ዛሬ ሥራው፣ ነገ ሽማግሌው ይየው።»

«በዚህ ሳቀናብር ምስሉ ይንቀጠቀጣል።»

«ሽማግሌውም ይንቀጠቀጣል። ወላሂ፣ ጥሬ ሥጋ ስትበላ አታፍርም፣ ጥሬ ቪዲዮ ለመስጠት ታፍራለህ?»

እዩኤል ሳቀ፤ ግን አልሠራውም።

ሁለቱ ሳምንታት አለፉ። ቦዔዝ ሁለት ጊዜ ደወለ፣ ኢልሊም ከቶንጎ ደወለች። በሦስተኛው ሳምንት የደወሉት አቶ ዳበሳ ራሳቸው ነበሩ። ድምፃቸው ሰልሏል። ልጆቻቸው ፎቶ እንደላኩላቸው፣ የግማሽ ደቂቃ ቁራጭ ቪዲዮም በስልክ እንዳዩ፣ ቁራጩ ግን መዝሙሩ ሳይጀመር እንደሚያልቅ ነገሩት።

«መዝሙሩን እኔው ነኝ የሠራሁት፣ አውቀዋለሁ» አሉ። «ስትሰማው ፊቷ እንዴት ነበር? እሷን ብጠይቃት ‹አባኮ፣ የራሴን ፊት በምን አየዋለሁ?› አለችኝ። ያየኸው አንተ ነህ ልጄ።»

እዩኤል መዝሙሩ ሲዘመር ሌንሱን ሲያስተካክል ነበር እንጂ ፊቷን አላስተዋለም። ፋይሉን ከፍቶ ለማየት ጥቂት ደቂቃ ይበቃው ነበር።

«አባባ፣ አሳምሬው ሲያልቅ በዓይንዎ ያዩታል» አላቸው።

«እሺ የኔ ልጅ። ብቻ አትቆይብኝ» አሉና ዘጉት።

የካቲት 8 ቀን፣ ዓርብ፣ አቶ ዳበሳ አረፉ።

እዩኤል ሱቁን ዘግቶ ባምባሲ ሄደ። ድንኳኑ ውስጥ ማንም ክፉ ቃል አልተናገረውም፤ ቦዔዝ ራሱ ወንበር አመጣለት። ባለቤታቸው ወይዘሮ ብርሃነሽ ግን እጁን እንደያዙ፣ «በር በተንኳኳ ቁጥር እዩኤል ይሆናል ይል ነበር» አሉት። ለመውቀስ ብለው አልነበረም፤ የሆነውን ነገሩት።

በማግስቱ ጠዋት አሶሳ ተመልሶ ፋይሉን ከፈተ። መዝሙሩ ያለበትን ቦታ ለማግኘት አራት ደቂቃ ፈጀበት። ኢልሊ መዘምራኑ ሲጀምሩ አቀረቀረች፤ ወዲያው ቀና ብላ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች እያንዳንዱን ቃል አብራ አለች፣ ስትጨርስም ሳቀች። ይኸው ነው። እዩኤል ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር በስልክ ሊነግራቸው ይችል ነበር።

ከዚያ ደብተሩን ገለጠ። በመጨረሻው ገጽ ላይ፣ ባለ አሥራ ሁለቱ ካርድ የአንድ ሰዓት ፊልም በአሥራ አንድ ደቂቃ፣ ባለ ስምንቱ በዘጠኝ ደቂቃ እንደሚያወጣ በራሱ እጅ ጽፎታል። ሃያ አምስት ቀን ያቆየው የሁለት ደቂቃ ልዩነት ነበር። የአብዱልረሂምን ባትሪ ተውሶ ፊልሙን በአሮጌው ማሽን አወጣ። እንዳለውም ሰባት ሰዓት ፈጀ። ባምባሲ ወስዶ ቤተሰቡ መካከል ቆሞ፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ። ወይዘሮ ብርሃነሽ የልጃቸውን ፊት እስከ መጨረሻው አዩና፣ «ለሌላው ሰው እንዲህ አታቆይ» አሉት።

ይህ የእዩኤል ብቻ ድካም አይደለም። የተሻለ ዕቃ መፈለግ፣ ቁጥርን ከቁጥር ማስተያየት መልካም ነው፤ ገንዘቡንም ሥራውንም ከብክነት ያድናል። ግን ከምርጫው ማዶ የሚጠብቅ ሰው መኖሩን መርሳት የለብንም። የታመመ ሰው የሚጠብቀው ፍጹም የሆነውን ሳይሆን ዛሬ የሚደርሰውን ነው። በእጃችን ባለው መሣሪያ የሚቻለውን ሰጥተን የተሻለውን ቀስ ብለን ብናመጣ ማን ይጎዳል?

እዩኤል ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ሠርግ በቀረጸ በሦስተኛው ቀን ያልተቀናበረውን ቅጂ ለቤተሰቡ ይሰጣል፤ ሌሎቹ ቪዲዮ ቤቶች ሥራ ታበላሻለህ ብለው ተቆጥተውታል። ባለ ስምንት ጊጋባይቱ ካርድ በግንቦት ወር ከአዲስ አበባ መጣ። ደህና ይሠራል።