የእሷ ጉዞ

ካርታ በምሳ ሰዓት፣ ከቢሮዋ ደረጃ ሥር በጀርባዋ ተንጋላ ሞታ ተገኘች። ካርታ ያሏት ደንበኞቿ ናቸው፤ አንድም ቀን አውሮፕላን ሳትሳፈር የአውሮፓን ከተሞች ጓዳ ለጓዳ ታውቃለች። የጉዞ ቢሮ ሠራተኛ ሆና «የት መሄድ ይፈልጋሉ?» ብላ አትጀምርም። «ምን ይወዳሉ? እርምጃዎስ እንዴት ነው?» ነው የምትለው። ለችኩሉ የችኩል፣ ለዝግተኛው የዝግታ ጉዞ ታወጣለች። የሰው እርምጃ ስትለካ የኖረች ልጅ በገዛ ደረጃዋ ተሰናክላ ወደቀች ቢባል ማን ያምናል?

መርፌም አላመነችም። መርፌ የሚሏት መርማሪዋን ነው፤ ነገርን ወግታ ካላወጣች እንቅልፍ አይወስዳትም። አስከሬኑ እጅ ላይ የሰማያዊ ክላሰር ቅዳጅ አየች። ክላሰሩ ራሱ ላይኛው ደረጃ ላይ ወድቋል፤ ሽፋኑ ላይ «የእሷ ጉዞ» ተብሎ ተጽፏል። ከዚያ ደረጃውን ቀስ ብላ ወጣችው። በየሦስት እርከኑ መደገፊያው ላይ የነጭ ጠመኔ አሻራ አለ። መታጠፊያው ጋ ደግሞ የመስኮቱ ደፍ አቧራ ሰው በተቀመጠበት ልክ ተጠርጓል።

መጀመሪያ የካርታን የሥራ ባልደረባ ጠየቀችው።

«ደንበኛው ሁሉ እሷን፣ እሷን! እኔ ዝንብ ሳባርር እውላለሁ» አለ። «ቀንቻለሁ፣ ምን እዋሻለሁ። ግን በምሳ ሰዓት ኤምባሲ ወረፋ ላይ ነበርኩ፤ ዘበኛውን ይጠይቁት። ይልቅ ያንን ሰዓት ሠሪ ይዩት። በሳምንት ሦስቴ እየመጣ ከእሷ ጋር ይንሾካሸካል። ባለትዳር እኮ ነው!»

የኤምባሲው ዘበኛም አየሁት አለ፤ ባልደረባው እውነቱን ነው።

ሰዓት ሠሪው ሽበታም፣ ሲያወራ እንኳ አንድ ቦታ የማይቆም ሰው ነው። በምሳ ሰዓት ሱቁን ዘግቶ እንደ ልማዱ ብቻውን ሲዞር ነበር። ያየው የለም።

«አባቴ፣ ጉዞው ለማን ነበር?»

«ለእሷ ነዋ።»

«እሷ ማን ናት?»

ግራ ገባው። «እሷ ናት እንጂ! ሌላ ማን ትሆናለች? ደግሞ ምስጢር ነው፤ ቲኬቱ እስኪቆረጥ ማንም አይስማ ብያለሁ።»

የመርፌ አለቃ ይህን ሲሰማ ሳቀ። «ውሽማ ነዋ! ልጅቷ ላጋልጥህ ብትለው ገፈተራት። እስከ ነገ ጠዋት ሌላ ሰው ካላመጣሽ እሱን ነው የማስረው።»

መርፌ ክላሰሩን ገልጣ አነበበች። አምስት ቀን በፕራግ። ጠዋት አንድ ቦታ ብቻ፣ ከምሳ በኋላ እረፍት። የድሮ ዳንቴል፣ የቲያትር ቀሚሶች፣ የአዝራር ገበያ። በየሁለት መቶ እርምጃው የት አግዳሚ ወንበር እንዳለ ተመልክቷል። መጨረሻ ላይ፣ «ጊዜ ከተረፈ» ተብሎ፣ የአደባባዩን አሮጌ ሰዓት ለማየት አንድ ሰዓት።

ከዚያ ወደ ሰዓት ሠሪው ቤት ሄደች። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ጉልበቷን በሻሽ ጠቅልላ የስፌት መኪናዋ ፊት ተቀምጣለች።

«እናቴ፣ ባለቤትዎ የአውሮፓ ጉዞ ማሰባቸውን ያውቃሉ?»

«ከየት አውቄ! እኔ በዚህ ጉልበት የማንን ደረጃ ልወጣ?» አለች። ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። «አርባ ዓመት አብረን ስንሄድ ሃያ እርምጃ ከፊቴ ነው። አንድ ቀን እንኳ ዞር ብሎ ደከመሽ ወይ አላለኝም። እሷን ግን አምስት ቀን ሙሉ ወንበር እየመረጠ ሊያሳርፋት!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። መርፌ ተነስታ ወጣች።

በማግስቱ ጠዋት ሁሉንም ካርታ ቢሮ ሰበሰበቻቸው። አለቃዋ ካቴናውን ይዞ ሰዓት ሠሪው አጠገብ ቆሟል።

«አባቴ» አለች መርፌ፤ «ባለቤትዎን በስም ጠርተው ያውቃሉ?»

«ኧረ ምን በወጣኝ! እሷ ነው የምላት።»

ባልደረባው አፉን በእጁ ያዘ።

«ይህንን ደረጃ የወጣው ሰው ሦስት እርከን እየወጣ ያርፋል፤ መታጠፊያው ጋ ተቀምጧል። ጤነኛ ጉልበት እንዲህ አይወጣም። እጁ ላይ ጠመኔ አለ፤ የልብስ ሰፊ ጠመኔ። እናቴ፣ እኔ ጉዞ አልኩ እንጂ አምስት ቀን አላልኩም። ወንበርም አላልኩም። ያ ያለው ክላሰሩ ውስጥ ነው።»

ሚስትየዋ ለባሏ የተያዘውን ካቴና አየች። ከዚያ ገነፈለች።

«ኪሱ ውስጥ ወረቀት አገኘሁ! ‹የእሷ ጉዞ› ይላል፤ ከሥሩ የዚህ ቢሮ አድራሻ። እያነከስኩ መጣሁ። ማን ናት ብላት ‹አሃ! እርስዎ ነዎት!› ብላ ሳቀችብኝ። ክላሰሩን ነጥቄ አነበብኩ። ለእኔ ያልሆነውን ሁሉ ለሌላ! ልጅቷ ይመልሱ ብላ ስትጎትት ገፋኋት። እንድትሞት አልፈለግኩም።»

«አላሾፈችብዎትም» አለች መርፌ፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ። «አይታዎት አታውቅም፤ ጉልበትዎን ግን ወር ሙሉ ስታስብለት ከርማለች። ሲያነክሱ ስታይ አወቀችዎትና ደስ አላት። ምስጢር ጠብቂ ስለተባለች ነው ሌላ ቃል ያልጨመረችው።»

ሴትየዋ ያለችበት ቁጭ አለች። አለቃው ካቴናውን ከሰዓት ሠሪው ወደ እሷ አዞረ።

ሰዓት ሠሪው ክላሰሩን ከጠረጴዛው አነሳና ጉልበቷ ላይ አስቀመጠላት። 

«አርባ ዓመት የሰው ልክ ስትወስጂ ኖረሽ፣ የራስሽ ልክ እንዴት ጠፋብሽ?» አላት።

ይዘዋት ሲወርዱ ባሏ ክንዷን ደገፈ። መታጠፊያው ጋ አረፈች፤ እሱም አብሯት ቆመ። ያን ቀን ብቻ አልቀደማትም።