ከደቅ የተነሣችው ጀልባ

«መጣች! ኧረ መጣች!» አለ አካሉ፣ ጠረጴዛውን በመዳፉ እየመታ።

እሱና የክፍል ጓደኛው ይትባረክ ባሕር ዳር፣ ፔዳ ሰፈር ከሚገኘው ጭማቂ ቤት ተቀምጠዋል። የአካሉን ስልክ ማንም ሳይነካው አዲስ ወሬ ብቅ ብሏል፦ «ዓባይነሽ፦ ከደቅ ተነሥታለች።»

ወሬውን ከራሱ ስልክ የላከው ይትባረክ ሳቁን ዋጠ። ዓባይነሽ ባለፈው ክረምት ጣና የዋጣት ጀልባ ናት። እሷም አልተገኘች፣ ነጂዋም አልተገኘ።

ወሬው የወጣበትን ገጽ የሠሩት ሁለቱ ናቸው፤ ከደቅ ደሴትና ከጎርጎራ በጀልባ ዕቃ ለሚጠብቅ ነጋዴ። እየጎተቱ ማደስ የለም። ገጹ አንዴ ሲከፈት በጃቫስክሪፕት ኮድ ወሬውን ከሚያሠራጨው ኮምፒውተር፣ ከሰርቨሩ ጋር መስመር ይዘረጋል፤ መስመሩም ክፍት ሆኖ ይቆያል። ወሬ ሲኖር ሰርቨሩ ራሱ ይልካል። የገጹ ሥራ ማዳመጥ ነው፤ ስልክ ደውሎ ሳይዘጉ ጆሮ ላይ እንደ ማቆየት።

ይትባረክ ደግሞ አድማጭ ካገኘ አያድርስ ነው። ቤተሰቡ ባሕር ዳር ከገባ ገና ዓመቱ ቢሆንም፣ ጉማሬ የዋጠ አምባዛ አይቻለሁ ብሎ ለክፍሉ ልጆች ምሏል። እሱ ሲያወራ ጣና ራሱ ጆሮውን ይቀስራል።

«ሙድ ያዝህባቸው እኮ!» አለ አካሉ። ገጹን የከፈቱ የክፍላቸው ልጆች በየስልካቸው ተንጫጩ፣ «አንተ ቀልማዳ!» ብለው ጻፉለት፣ ስቀው ገጹን ዘጉ። በይትባረክ ስልክ ላይ የክፍት መስመሮቹ ቁጥር ወረደ፣ ወረደና አንድ ላይ ቆመ።

«ያንተ ነው?» አለ ይትባረክ።

«እኔማ ዘጋሁ።»

ይትባረክ ለማድመቂያ «ዘጌን አልፋለች» ብሎ ላከ። መስመሩ አልተዘጋም። የሆነ ሰው እያዳመጠ ነው።

«ራሷ ጀልባዋ ብትሆንስ?» አለ አካሉ። ሊያስቅ ፈልጎ ነበር፤ ሁለቱም አልሳቁም።

የይትባረክ ስልክ ጮኸ። የብርጓል ናት፣ ክፍል ውስጥ ከኋላቸው የምትቀመጠው ዝምተኛ ልጅ።

«ይትባረክ፣ ገጹ የእናንተ አይደል? ዓባይነሽ እውነት ታይታለች? እማዬ በጀልባ የሚመጣላትን ጌሾ ልትጠብቅ ገጹን ከፍታ ወሬውን አየች። ጋቢ ይዛ ወደብ ወረደች። ብለምናት፣ ብለምናት ልይዛት አልቻልሁም።»

«ዓባይነሽ የ... የማን ናት?»

«አባዬ ነበር የሚነዳት። አታውቅም? እማዬ ይመጣል እያለች ተዝካሩን እንኳ አላወጣችም።»

«ጋቢው ለምንድን ነው?» አለ ይትባረክ።

«በርዶት ይሆናላ።»

ይትባረክ ብቻውን ወደብ ሲደርስ ሐይቁ ላይ ግራጫ ጉም ተኝቷል። ከጉሙ ውስጥ ሞተር ሲንደቀደቅ የሰማ መሰለው። ጀልባዋን የፈጠራት እሱ፣ አንገቱን አስግጎ የሚፈልጋትም እሱ። አንዲት ይብራ ብቻ ክንፏን እያራገበች ከጉሙ ወጣችና ተመልሳ ገባች።

የብርጓል እናት ወይዘሮ ሙሉነሽ ውኃው ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ጋቢው ጭናቸው ላይ ታጥፏል፤ ስልኩ ጋቢው ላይ። ያቺ ያልተዘጋች መስመር እሳቸው ናቸው።

አንድ ንክኪ ነው። «ሰርዝ» ቢል ዓባይነሽ ከዚያ ስልክ ላይ እልም ትላለች፤ የማን ሥራ እንደሆነም እሳቸው አያውቁም። ነጂዋ ግን ሁለተኛ ይሰምጣል፣ ያውም ሚስቱ እያየች። አውራ ጣቱ ቁልፉ ላይ ተንጠልጥሎ ቆየ። ከዚያ ስልኩን ኪሱ ከተተና ወደ ድንጋዩ ወረደ።

«አንተም የምትጠብቀው ሰው አለህ፣ ልጄ?» አሉ፣ ጠጋ ብለው ቦታ እየለቀቁለት።

አፉ ላይ ውሸት ሞልቶ ነበር፤ ሁሉም ያማረ፣ ሁሉም የሚታመን። አጠገባቸው ተቀመጠ።

«የለኝም፣ እትዬ» አለ። «ጀልባዋን የላክኋት እኔ ነኝ።»