ወደ ኩሬው የወረዱት ዱካዎች

ሊንዳልቫ የሰፈሩን ሰው ሁሉ በእግሩ ታውቀዋለች። በአሸዋ ኮረብቶቹ መሃል ባሉት ስምንት የሳር ቤቶች፣ ፍየል ስትጠፋ የምትፈለገው በዱካዋ ነው። ነፋሱ ረፋድ ላይ ተነስቶ ሁሉን እስኪያጠፋው ድረስ፣ ማን ከማን ጋር ወዴት እንደሄደ አሸዋው ላይ ይነበባል።

ያን ማክሰኞ ጠዋት ያየችውን ግን ባላየሁት ብላ ተመኘች።

አንደኛው ዱካ ሊያገባት የጠየቃት የጄኒልሰን ነበር፤ ረጅም፣ ተረከዙ የጠለቀ፣ ቀኝ እግሩ ትንሽ ወደ ውጭ የዞረ። ሌላው አጭርና ሰፊ ሲሆን፣ የግራ እግሩ ትንሿ ጣት የለችበትም። እንዲህ ያለ እግር ያላት ዙሌይዴ ብቻ ናት፤ የአጎቷ ልጅ፣ ባሏ ከሞተ ሁለት ዓመት የሆናት፣ ስትስቅ መንገደኛ የምታስቆም ሴት።

ዱካዎቹ ጎን ለጎን ወደ ትልቁ የዝናብ ኩሬ ወርደዋል። ዳር ላይ ሁለት ሰው የተጋደመበት ሁለት ጉድጓድ አለ። ሊንዳልቫ ተንበርክካ በመካከላቸው ያለውን ለካች። ሁለት ስንዝር ከአራት ጣት።

ጄኒልሰንን ያገኘችው ባለፈው ዓመት ነበር፤ የአሸዋ ኮረብቶቹን ፓርክ በእግር የሚያቋርጡ እንግዶች እየመራ ሲመጣ።

«መንገዱ በዚህ ነው?» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ይህን ኮረብታ ሦስት ጊዜ ዞረኸዋል። ዱካህን አይቻለሁ።»

«እንግዶቹ እንዳይሰሙ፣ እባክሽ።»

«የደከማቸው እነሱ ናቸው። ያውቁታል።»

ከዚያ ወዲህ መመላለስ አበዛ። በግንቦት ለጋብቻ ጠየቃት። አባቷ አብዲያስ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ኩሬዎቹ ሲደርቁ እኛ ባሕሩ ዳር ወርደን ዓሣ እናጠምዳለን። አማቼ ታንኳዬ ላይ ይወጣል። ዋና ትችላለህ?»

«የባሕር ዳር ልጅ ነኝ» አለ ጄኒልሰን።

ሊንዳልቫ መልሷን በሰኔ በሚከበረው በቅዱስ ዮሐንስ በዓል፣ በበሬ ምስል የሚጨፈረው የበሬው ጭፈራ ሲጀመር እንደምትሰጥ ነገረችው። በዓሉ የፊታችን ቅዳሜ ነው።

ረቡዕ ምሳ ላይ ዓሣውን በካሳቫ ዱቄት እያቀረበች፣ «ዛሬ ጠዋት የት ነበርክ?» አለችው።

«ተኝቼ።»

ጆሮው ውስጥ ነጭ አሸዋ ነበር። ዙሌይዴን በር ላይ አገኘቻት።

«ፀጉርሽ እርጥብ ነው።»

«ታጥቤ ነዋ። አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ፖሊስ የሆንሽው?»

አርብ ጎህ ሲቀድ ቀድማቸው ወጣች። ዱካዋ እንዳይታይ ኩሬውን በሩቁ ዞራ፣ ከኮረብታው ጀርባ ተኛች። መጡ። ዙሌይዴ ከነቀሚሷ እስከ ወገቧ ውሃው ውስጥ ገባች። እሱም ተከተላት፤ እጇን አገጩ ስር አስገባች።

ሊንዳልቫ ዓይኗን ልትጨፍን ነበር።

«እግርህን ምታ እንጂ» አለች ዙሌይዴ። «ታስራ እንደምትጎተት ፍየል አትንፈራገጥብኝ።»

ጄኒልሰን መታ፤ ሰመጠ። ዙሌይዴ በአንገትጌው ጎትታ ዳር ላይ ጣለችው። እሱ እያሳለ፣ እሷም እያለከለከች ተጋደሙ። ሁለት ስንዝር ከአራት ጣት።

ሊንዳልቫ ቁልቁል ወረደች። ልቧ ግማሹ ቀለላት፤ ግማሹ ይባስ ነደደ።

«የባሕር ዳር ልጅ ነኝ አላልክም?»

ቀና ብሎ አያት። «በተወለድኩበት ወንዝ እንኳ የለም። አልችልም ብል አባትሽ የሚከለክሉኝ መሰለኝ።»

«ስለዚህ ዋሸህ።»

«ዋሸሁ።»

«ለማንም እንዳልናገር አስምሎኝ ነው» አለች ዙሌይዴ፣ ቀሚሷን እየጨመቀች። «የኔን ባል ባሕር ወሰደው። ያንቺንም እንዲወስደው ዝም ብዬ ልይ?»

ከዚያ ሊንዳልቫ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ውሃው ውስጥ ገባች።

«አንቺ እረፊ። አንተ ና።» መዳፏን አገጩ ስር አደረገች። «መልሴ ወዲያኛው ዳር ነው ያለው። ዋኝተህ ውሰደው።»

«ብሰምጥስ?»

«ዱካው ገባ እንጂ አልወጣም እላቸዋለሁ።»

መሃል ላይ ሲደርሱ እጇን አነሳች። ውሃ ጠጣ፣ ተንደፋደፈ፣ ግን እግሩን መታ። ዳር ሲደርስ ጉልበቱ አሸዋውን ነካ።

«እሺ» አለችው። «ለአባባ ግን ራስህ ትነግራቸዋለህ።»

ነገራቸው። አብዲያስ መረባቸውን መጠገን ሳያቋርጡ ሰሙት። «ዘንድሮ መረብ ታጥባለህ» አሉ በመጨረሻ። «ታንኳው ለከርሞ።»

ዛሬ ከተጋቡ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ሊንዳልቫ አሁንም ጠዋት ስትነሳ መጀመሪያ የምታየው ደጃፉን ነው። ጄኒልሰን ይህን ስለሚያውቅ፣ ሳይቀሰቅሳት ሲወጣ ደጃፉ ላይ ትንሽ ይቆምና ተረከዙን ጠበቅ አድርጎ ይረግጣል፤ ጣቶቹን ወደሚሄድበት አቅጣጫ አዙሮ።

እሷም አቅጣጫውን ታያለች። አልፎ አልፎ፣ እስከ መጀመሪያው ኮረብታ ድረስ ዱካውን ትከተለዋለች።