ወደ ቪየና የሚወስደው ርካሽ መንገድ

ማልታ ውስጥ ባቡር የለም። ሎሬዳና እናትና አባቷን በአውሮፕላንና በባቡር ሦስት አገር ለማዞር ቆርጣ ስትነሳ የገጠማት የመጀመሪያው ችግርም ይኸው ነበር፤ ከምታውቃቸው ሰዎች መሃል ስለ ባቡር የሚያማክራት አንድም ሰው አልተገኘም።

ሎሬዳና ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። መሊሓ በምትባል ከተማ ከወላጆቿ ጋር ትኖራለች፤ በየጠዋቱ በመርከብ ወደ ጎዞ ደሴት ተሻግራ ትንንሽ ልጆች ታስተምራለች። አባቷ ውስቲን ዕድሜያቸውን ሙሉ መርከብ ሲበይዱ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ከሠላሳ አምስት ዓመት በፊት፣ በሠርጋቸው ማግስት፣ ሚስታቸውን ጁዛን «ቪየና እወስድሻለሁ» ብለዋቸው ነበር። መጀመሪያ ልጅ መጣ፣ ቀጥሎ ቤት መሥራት፣ ቀጥሎ የጉልበት ሕመም። ጁዛ ነገሩን አንስተውት አያውቁም። ብቻ የቪየና ሥዕል ያለበትን አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ዝገት ሲበላው እንኳ አልጣሉትም።

አንድ ጠዋት ሎሬዳና መርከቡ ላይ ወረቀቶቿን ዘርግታ ስትጽፍ ስትሰርዝ ከጀርባዋ ድምፅ ሰማች።

«ስምንት ደቂቃ አይበቃም።»

ዞር አለች። ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሰ፣ መኪኖችን መርከቡ ሆድ ውስጥ የሚያሰልፍ ሠራተኛ ነው። ባንድ እጁ ሻይ፣ በሌላው አይብ የተሞላ፣ ፓስቲዚ የሚሉትን የተነከሰ ቂጣ ይዟል።

«ምን አልከኝ?»

«ቬሮና ላይ ባቡር ለመቀየር ስምንት ደቂቃ ነው የያዝሽው። በእናትሽ ጉልበት አይደረስም።»

ክው አለች። «የእናቴን ጉልበት ማን ነገረህ?»

በፓስቲዚው ጫፍ ወረቀቱን ጠቆማት። በትልልቁ «የእማዬ ጉልበት!!» ብላ ጽፋ ሦስት ጊዜ አስምራበታለች። ሁለቱም ሳቁ። የፓስቲዚው ፍርፋሪ ቬሮና ላይ ረገፈ።

ሩዛር ይባላል። ሠላሳ ዓመቱ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ እረፍቱን ከእሷ ጉዞ ጋር ያገጣጥም ጀመር። ጠረጴዛዋ ላይ ይቀመጥና ባሕሩን እስኪሻገሩ ድረስ፣ ለሃያ አምስት ደቂቃ፣ አውሮፓን ያሻግራታል።

«ቅዳሜ አትብረሩ። ማክሰኞ ያው አውሮፕላን በግማሽ ዋጋ ነው። ቦሎኛ ውረዱ። ሻንጣ አታስጭኑ፣ አንዳንድ የጀርባ ቦርሳ ይበቃችኋል።»

«አባዬ እኮ ያለ ሰባት ሸሚዝ ከቤት አይወጣም!»

«አምስቱን ደራርቦ ይልበሳቸዋ!»

ከቦሎኛ ቬሮና፣ ከቬሮና በተራሮቹ መሃል ኢንስብሩክ፣ ከዚያ ሙኒክ፣ ሳልዝበርግ፣ ቪየና። የቱ ጣቢያ ሊፍት እንዳለው፣ የቱ መስኮት በኩል ወንዝ እንደሚታይ፣ ርካሽ ዳቦ የቱ በር ላይ እንደሚሸጥ ሁሉን ያውቃል። ሲናገር ዓይኑ ይበራል። ሎሬዳና አንዳንዴ የሚለውን ትታ ዓይኑን ብቻ ታያለች።

«ስንት ጊዜ ሄደሃል ለመሆኑ?» አለችው አንድ ቀን።

«ኡ! መቁጠር ትቻለሁ» አለና ወደ ሻዩ አቀረቀረ።

ሌላ ቀን ደግሞ «ጀርመን ውስጥ ለአምስት ሰው የሚሆን አንድ የቀን ትኬት አለ» አላት። «ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት ግን አይሠራም። እስከዚያ ቁርሳችሁን ብሉ።»

«እኛ ሦስት ነን፤ ቦታ ይተርፈናል» አለች ሎሬዳና። ከአፏ ካመለጣት በኋላ ነው ምን እንዳለች የገባት።

ሩዛር ባሕሩን አየ፣ እሷን አየ፣ እንደገና ባሕሩን አየ።

ከፋሲካ በኋላ ባለው እሑድ ምሳ ጋበዘችው። ጁዛ የጥንቸል ወጥ ሠሩ፣ ውስቲን የወይን ጠጅ ከፈቱ። የጉዞው ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ሩዛር ወረቀቱ ግርጌ ላይ የስልክ ቁጥሩን ጽፎ «መንገድ ከጠፋችሁ» አለ። ያኔ ሎሬዳና አንድ ፖስታ አቀበለችው። በውስጡ በስሙ የተቆረጠ የአውሮፕላን ትኬት ነበር።

ትኬቱን አነበበው። እንደገና አነበበው። ፊቱ እንደ ኖራ ነጣ።

«አልችልም» አለ። ወንበሩን እንኳ ሳይመልስ ይቅርታ ጠይቋቸው ወጣ።

ውስቲን ሹካቸውን እንዳንጠለጠሉ ቀሩ። «ጥንቸሉ ነው?»

በማግስቱ ሎሬዳና ዓይኗ አብጦ መርከቡ ላይ ወጣች። ሻይ የምትሸጠው ዶሪስ ምን እንደነካት ጠየቀቻት። የሆነውን ስትነግራት ዶሪስ የያዘችውን ማንቆርቆሪያ አስቀመጠች።

«ሩዛር? ባቡር? ኧረ ልጄ፣ ሩዛር በሕይወቱ ከዚህ መርከብ ሌላ የተሳፈረው ነገር የለም!»

ሎሬዳና ወደ መርከቡ ሆድ ወረደች። ሩዛርን መኪኖቹ መሃል አገኘችው።

«አንድ ጊዜ እንኳ?»

ማን እንደነገራት አልጠየቀም። «አንድ ጊዜ እንኳ።»

«ታዲያ ለምን ዋሸኸኝ?»

አፉን ከፈተ። በዚያው ቅጽበት የመርከቡ በር ወረደ፣ መኪኖቹ ጥሩምባቸውን ያስጮሁ ጀመር፣ ከፊት አለቃው ስሙን ጠራ። ሩዛር እጁን ወደ እሷ ዘረጋ፤ እሷ ግን አልጠበቀችውም። ከዚያ ወዲህ በሌላ ሰዓት በሚነሳው መርከብ ትሻገር ጀመር።

ውስቲን ሲሰሙ ቤቱን በአንድ እግሩ አቆሙት። «ማዶና! ባቡር በዓይኑ ባላየ ሰው ምሪት ነው እኔን ተራራ የምታሻግሪኝ?» የራሳቸው ትኬት ግን የማይመለስ ነበረና ሦስቱም በግንቦት ወር ተነሱ። ውስቲን አራት ሸሚዝ ደርበው ነበር።

የሎሬዳና ስቃይ የጀመረው ያኔ ነው፤ ምክንያቱም ሁሉም ነገር ልክ ነበር። የቦሎኛው ሳንቡሳ መሳይ ዳቦ እሱ ባለው በር ላይ ተገኘ። የቬሮናው ሊፍት እሱ ባለው ቦታ ነበር። ወንዙ እሱ ባለው መስኮት በኩል መጣ። ነገሩ ልክ በሆነ ቁጥር ሎሬዳና ፊቷን ወደ መስኮቱ ታዞራለች፤ ጁዛም አይተው እንዳላዩ ይሆናሉ።

ከኦስትሪያ ድንበር በፊት ፎርቴዛ በምትባል ትንሽ ጣቢያ ባቡሩ ቆመ። ቀጥ ብሎ ቀረ። ከተራራው ድንጋይ ተንሸራቶ ሐዲዱን ዘግቶታል፤ ዛሬ ወደ ኢንስብሩክ የሚያልፍ የለም ተባለ። ሰው ሁሉ ግራ ተጋብቶ ወረደ። ዝናብ ጀመረ። ጁዛ ጉልበታቸውን ይዘው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

ሎሬዳና ወደ ስልኳ አየች፤ አልነካችውም። አባቷ ወረቀቱን ከኪሳቸው አውጥተው የራሳቸውን ስልክ ሲመቱ ስታይ ግን ዓይኗን ማመን አቃታት።

«አባዬ! ለማን ነው የምትደውለው?»

«ለዚያ ለውሸታሙ» አሉ ውስቲን። «እስካሁን ከመንገዱ አንዱን እንኳ አልሳተም።» ሚስታቸውም እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አደረጉት።

ሩዛር የሆነውን ሲሰማ ለማሰብ እንኳ ጊዜ አልወሰደም። «አቶ ውስቲን፣ አይደንግጡ። ከዚያው ጣቢያ በስተምሥራቅ የሚሄድ ትንሽ ባቡር አለ። ሳን ካንዲዶ ወርዳችሁ ወደ ሊየንዝ የሚሄደውን ያዙ። ኦስትሪያ ገባችሁ ማለት ነው። ከዚያ ሽፒታል፣ ከዚያ ሳልዝበርግ። ኢንስብሩክና ሙኒክ ቀሩባችሁ እንጂ ቪየና በቀኗ ትደርሳላችሁ።»

ውስቲን እየደጋገሙ ሎሬዳናን ሲያጽፉ ስልኩ ውስጥ ከሩቅ የደከመ የሴት ድምፅ ተሰማ።

«ሩዛር፣ ድንበሩ ጋ ደረስን እንዴ? ዛሬ በረዶ አለ?»

«እማ፣ ትንሽ ታገሺኝ» አለ ሩዛር። «ዛሬ እውነተኛ ተሳፋሪዎች አሉብኝ።»

ሦስቱም ወደ ስልኩ ተጠጉ። ዝናቡ የጣቢያውን ቆርቆሮ ይደበድባል።

«ማን ናት?» አሉ ውስቲን።

ሩዛር ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እናቴ ናት። አልጋ ላይ ከዋለች አሥራ አንድ ዓመቷ። ከማልታ ልወጣ ትኬት በቆረጥኩበት ሳምንት ነው የወደቀችው። ከሥራ ስመለስ በሐሳብ አብረን እንሄዳለን፤ እኔ ከካርታና ከባቡር ሰሌዳ ያጠናኋቸውን ጣቢያዎች እጠራለሁ፣ የሚታየውን እነግራታለሁ። ለሎሬዳና... መዋሸቴ ነው። ግን ስታዳምጠኝ እውነት የሄድኩ መሰለኝ።»

ሎሬዳና አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ትልቅ ነገር የሰረቃት ይመስል ነበር የሸሸችው፤ እሱ ግን የሰረቀው ምን ነበር? ጁዛ ስልኩን ከባላቸው እጅ ወሰዱ። «ልጄ፣ ለእናትህ በረዶ የለም፤ ዝናብ ነው በላቸው» አሉና ዘጉት።

ቪየና በቀኗ ደረሱ። ጁዛ ከጣቢያው ደጃፍ ሲወጡ የባላቸውን ክንድ ይዘው ቆሙና ከተማውን ቃኙ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ስንመለስ ወደዚያ ልጅ ቤት አንቺ ትሄጃለሽ ወይስ እኔ ልሂድልሽ?»

ሎሬዳና ሄደች። ጎዞ ላይ ከወደቡ በላይ ያለውን ቤታቸውን ስታንኳኳ በሩን የከፈተው ራሱ ሩዛር ነው። ሁለቱም እንዴት ሰላም እንደሚባል የረሱ ይመስል ተያዩ። ከውስጥ እናቱ ኔና ተጣሩ።

«እውነተኛዋ ተሳፋሪ ናት? አስገባት!» አጠገባቸው አስቀምጠው እጇን ያዙ። «እስቲ አንቺ የሄድሽው ንገሪኝ፤ ልጄ የሚለው ልክ ነው?»

«አንድ ነገር ብቻ ተሳስቷል። ባቡር ሲነሳ ጮኾ ይነሳል ብሎኝ ነበር። አይጮህም። ዝም ብሎ ነው የሚንሸራተተው፤ እናቴ እንዲያውም ጣቢያው እየሸሸ መስሏት ነው የጮኸችው።»

«አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እኮ ፊሽካ ሲነፋልኝ ኖሯል!» ኔና እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያ ሳቁ ከፊታቸው ጠፋ። «ሩዛር፣ አንተ የምትሄደው እኔ ስሞት ነው ብለህ ወስነሃል። ሐኪሙ ልቤም ሳንባዬም እንደ ኮረዳ ነው ብሎኛል። ያንን እየጠበቅክ ከሆነ ትሸብታለህ።»

ሩዛር በርበሬ መሰለ። «እማ! ኧረ ምን ዓይነት ንግግር ነው!»

«እውነተኛ» አሉ ኔና። «ለሳምንት የሚያየኝ ሰው ፈልግና ሂድ።»

ያ ሰው ማን ሆነ ቢባል ማንም የማይገምተው ነው። በመስከረም ውስቲንና ጁዛ ልብሳቸውን ይዘው ጎዞ ተሻገሩ። ውስቲን ኔና አልጋ አጠገብ ተቀምጠው፣ ያለፉበትን መንገድ ከዳቦው ጀምሮ ሲተርኩ፣ ልጆቹ መሄዳቸውን እንኳ ልብ ያለ አልነበረም።

ቦሎኛ ላይ ሩዛር ባቡሩ ውስጥ ገብቶ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠ። ባቡሩ ያለ ድምፅ ተንሸራተተ። ሩዛር የወንበሩን ክንድ ጨበጠ። ሜዳው፣ የወይኑ ተክል፣ የእርሻ ቤቶቹ አለፉ። ሎሬዳና ስታየው ጉንጩ ረጥቧል፤ ምንም ሳትል ትከሻውን በትከሻዋ ነካችው።

«ታገቢኛለሽ?» አለ በድንገት።

«ምን?»

«እኔ እንጃ፣ እዚህ ላይ ልጠይቅሽ አላሰብኩም ነበር። ቪየና ነበር ያሰብኩት። ወጣ ከአፌ።»

ሎሬዳናን በዚያ ዓመት ብዙ ነገር አስደንግጧታል፤ እንዲህ ያለው ግን አልገጠማትም። እሱ መልስ ሲጠብቅ፣ እሷ በመስኮቱ ስታይ፣ ኪሎ ሜትሮች አለፉ። ባቡሩ ፍጥነቱን ቀነሰ፤ ፖጆ ሩስኮ የምትባል ጣቢያ ገብቶ ቆመ። በሩ ተከፈተ።

«አዎ» አለች።

ሩዛር ከደስታው ብዛት የትኛው ጣቢያ እንደሆነ እንኳ ሳያይ ብድግ አለ፣ ቦርሳውን ትከሻው ላይ ጣለና ወደ በሩ ተጣደፈ። ሎሬዳና ቦርሳውን ይዛ ጎተተችው።

«ወዴት ነው? የኛ ጣቢያ ገና ነው፤ ተቀመጥ!»