የተወደደ መንገድ አይላስም

የክረምቱ ማዕበል ሊገባ በተቃረበበት ሰሞን ባሕሩ እንደ ወተት ነጣ፤ የዛምራ ሽማግሌዎችም ፊታቸው ጠቆረ። ባሕር ሲነጣ ልሙጥ ይነቃል፤ ይህን የማያውቅ ዛምራዊ የለም። ልሙጥ ሥጋ የሚበላ አውሬ አይደለም፤ መንገድ ይልሳል። ጎህ ሲቀድ ከሐዋዝ የባሕር ዳርቻ ወደ ተራራው የምታወጣው የገደል መንገድ ተልሳ ጠፍታ ተገኘች። ከታች አሸዋው ላይ ዓሣ አጥማጆቹ ከነልጆቻቸው ታግደው ቀሩ። ማዕበሉ ሲመጣ ማምለጫ አልነበራቸውም።

ንግሥት አዝመሪት ሕዝቡን በአደባባይ ሰበሰበች።

«ትንቢቱን ታውቃላችሁ» አለች። «የተወደደ መንገድ አይላስም። ከሁሉ አብልጦ የሚወደውን መንገድ ከልቡ አውጥቶ በገደሉ ላይ የሚያነጥፍ ሰው እፈልጋለሁ። ግን አልሸነግላችሁም፤ የሰጠ ሰው መንገዱንም መስጠቱንም ይረሳል። ዳግም ቢሄድበት እንኳ አያውቀውም።»

እንግዲህ እነዚያ በየግብሩ ሲፎክሩ የሚያድሩት ባለ ጎራዴዎች ሁሉ መሬት መሬት ያዩ ጀመር። አፉ የማያርፈው መንገድ መሪ፣ ሽማግሌው ጉዛር፣ «እኔማ የምወዳት ወደ ጠጅ ቤት የምትወስደውን ነው፤ ሜዳ ለሜዳ ስለሆነች ለገደል አትሆንም» ሲል ሰው ሁሉ ሳቀ።

በሳቁ መሃል ዘሚካ ብድግ አለች። ገና ወጣት ናት። ታላቅ እህቷ ሰርኬ ለሐዋዝ ሰው ተድራ፣ አሁን ከነሕፃኗ ከገደሉ ሥር ታግዳለች።

«ንግሥት ሆይ፣ የእኔ መንገድ አምባላይ ናት። ሟቹ አባቴ እጄን ይዞ ዳገት መውጣት ያስተማረኝ በእርሷ ነው። ከእርሷ የበለጠ የምወደው መንገድ የለኝም፤ ቢሆንም እሰጣለሁ። የእህቴ ልጅ ሳይወጣ ብመለስ የአባቴ አጥንት ይውጋኝ።»

በማግስቱ ከጉዛር ጋር ተነሡ። ወደ ገደሉ አፋፍ የምታደርሰውም ራሷ አምባላይ ነበረች። ከቀርከሃው ጫካ ሲወጡ ፏፏቴው ፊታቸውን አርጥቦ ተቀበላቸው። ከሸንተረሩ ሲደርሱ በግራ በኩል ተራራ በተራራ ላይ ተደርቧል፤ በቀኝ በኩል ባሕሩ እስከ ሰማይ ጥግ ተዘርግቷል። አገር ማለት ይህ ነው፤ የሚበልጥ አለኝ የሚል ካለ ያምጣና እናወዳድር። ዘሚካ ቆማ አለቀሰች፤ እንባዋንም አልደበቀችም።

«እንመለስ ወይ ልጄ?» አላት ጉዛር፣ ለአንድ ጊዜ እንኳ ቀልዱን ትቶ።

«አይ አባባ። ብቻ ቀስ ብለን እንሂድ።»

ከገደሉ አፋፍ ሲደርሱ ውኃው የሐዋዝን ሰዎች እስከ ጉልበታቸው ደርሷቸዋል። ሰርኬ ልጇን ከራሷ በላይ አንሥታ ይዛለች። ልሙጥም አመድማ ገላውን ከአለቱ ላይ አጣብቆ ይጠብቃል። ዘሚካ ተንበርክካ መዳፏን በድንጋዩ ላይ አኖረች፤ ከቀርከሃው እስከ ሸንተረሩ ድረስ የአምባላይን መታጠፊያ ሁሉ በየስሙ ጠራች። የጠራችው ስም ከአፏ ሲወጣ ከልቧም ይወጣል፤ በገደሉ ላይም መርገጫ ይሆናል። ልሙጥ ተንደርድሮ አዲሱን መንገድ ላሰ። ምላሱ ተቃጠለ፤ እየጮኸ ወደ ባሕሩ ወደቀ፤ ከዚያ ወዲህ ያየው የለም።

ሰዎቹ አንድ በአንድ ወጡ። ዘሚካ እየጎተተች ስታወጣቸው ቆይታ፣ በመጨረሻ ሕፃኑን ታቅፋ ቁልቁል ተመለከተች።

«እንዴት ያለ መንገድ ነው» አለች በአድናቆት። «ማን ይሆን የቀየሰው? እጁ ይባረክ።»

ጉዛር ፊቱን አዞረ። ሰርኬ የእህቷን እጅ ይዛ ሳመችው።

«አሜን፣ ይባረክ» አለች።

ከዚያም እጇን ሳትለቅ፣ አባታቸው ያደርግ እንደነበረው፣ በአምባላይ ሸንተረር በኩል እየመራች ወደ ቤት ወሰደቻት።